ከአጎቴ ሚስት ቤት እህል አይቀመስም

ከዝዋይ የመጣ ዓሣ እኛ ቤት አይበላም ነበር። የአዳማ ጎረቤታችን ሁሉ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ ጠብሶ ሲበላ እኛ ሽታውን እየሳብን እንቀመጣለን። አንድ ጊዜ የአባቴ ጓደኛ ሳያውቅ በፌስታል ሙሉ ይዞልን መጣ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ መርቃ ሸኘችውና ዓሣውን ጓሮ ወስዳ ቀበረችው። ታላቅ ወንድሜ «ለድመቷ እንኳ ብትሰጫት ምናለ?» ቢላት «ድመቷ ምን በደለችኝ?» አለችው። እሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነገሩን አምኜበት ነበር። ዝዋይ የአጎቴ ሚስት አለች፣ ከአጎቴ ሚስት እጅ ደግሞ እህል አይቀመስም።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው። አርሲ ነገሌ ላይ ስንዴና በቆሎ ይነግድ ነበር። ሚስቱን በአዳሚ ቱሉ በኩል ሲመላለስ አግኝቷት ተጋቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ክርስትና ስትነሳ የሚስቱ ወላጆች ትልቅ ድግስ ደገሱ። አባቴ፣ እናቴና ወንድሜ ሄዱ። እኔ ኩፍኝ ይዞኝ ጎረቤት ቤት ቀረሁ፤ ድግስ አመለጠኝ ብዬ ያለቀስኩት ልቅሶ ዛሬም አይረሳኝም።

ዓመት ሳይሞላ አጎቴን ሆዱን ያመው ጀመር። ሥጋው አለቀ፣ ሆዱ ተነፋ፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ለቅሶው ላይ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳችና «ይህን ሰው በሽታ አልገደለውም፤ የበላው ነው የገደለው!» አለች፤ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ። የአጎቴ ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም አሉ። ዝም ማለቷም ተቆጠረባት። ብትናገርም ይቆጠርባት ነበር፤ የኛ ሰው አንዴ ከፈረደ ፈረደ ነው።

ከዓመታት በኋላ አባቴም በዚያው አኳኋን ሄደ። ለሰው «ጨጓራ ነው» ተባለ። ቤት ውስጥ ግን እናቴ አባቴም ያንን ድግስ እንደበላ አስታውሳ «የሚዘገይ መርዝ ነው» አለች። ሁለት ሰው፣ አንድ ድግስ፣ አንድ ዓይነት ሞት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ሁለቱ ወንድማማች መሆናቸውን ማንም ልብ አላለም። ሁላችንም ሳህኑን ነበር የምናየው።

ወንድሜ አድጎ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ። ቀልደኛ ነው፤ ተማሪዎቹ ፊዚክሱን ረስተው ቀልዱን ነበር ወደ ቤት የሚወስዱት። ደም ማየት ሲጀምር «ኪንታሮት ነው» ብሎ ናቀው። ማን ይፈርድበታል? ከተማው ውስጥ ያለ የመብራት እንጨት ሁሉ የኪንታሮት መድኃኒት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ቅባት ገዛ፣ ተቀባ፣ ደሙ ቀጠለ። በመጨረሻ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ስትወስደው ትልቁ አንጀቱ ላይ የበቀለው ነገር ጉበቱ ደርሶ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ወንድሜ በተኛበት እኔና እናቴ ባለንበት ገባና «በቤተሰባችሁ በዚህ ዓይነት በሽታ የሞተ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለች እናቴ ፈጥና።

ወንድሜ ከአልጋው «እማዬ፣ አባዬስ?» አላት።

«አባትህ መርዝ በልቶ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ስላልሳቀ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና «እናቴ፣ መርዙን የበላው ሌላ ማን አለ?» አላት። ነገረችው፤ አጎቴን፣ አባቴን፣ በመጨረሻም በወጣትነቷ በማህፀን በሽታ የሞተችውን የአባቴን እህት። ቆጠራ ላይ ገብታ ሳታስበው ነው የጨመረቻት።

«እሷም ድግሱ ላይ ነበረች?» አለ።

«እሷማ ከድግሱ በፊት ነው የሞተችው።»

ካለች በኋላ እናቴ ራሷ የተናገረችውን ሰማችው መሰለኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሐኪሙ አላዋከባትም። ቀስ አድርጎ አስረዳን። የሰው ሰውነት ሴሎቹን ሲያባዛ ይሳሳታል፤ የሁላችንም ይሳሳታል። ስህተቱን እየተከታተለ የሚያርም ነገር በተፈጥሮ ተሰጥቶናል። እኛ ቤት ያ አራሚ ተበላሽቶ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። የወረሰው ሁሉ አይታመምም፣ አደጋው ግን ከሌላው ሰው እጅግ የበዛ ነው፤ አንጀት ላይ በተለይ፣ በሴት ደግሞ ማህፀንም ላይ። ወላጁ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ወንድሜ «ሰው ከአባቱ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል። እኔ ይቺን ወረስኩ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

እናቴ ግን እጅ አልሰጠችም። ሐኪሙ እንደወጣ ወደ እኔ ዞራ «እሱ ያኔ ልጅ ነበር፣ ከገበታው አልቀረበም ስል ኖርኩ እንጂ፣ አባቱ ሲያጎርሰው በዓይኔ አይቻለሁ» አለችኝ። በጉርሻ ሞተ ማለቷ ነው! ጮህኩባት። ልጇ እየሞተ ባለ እናት ላይ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ጮህኩ። ነርሷ መጥታ ሁለታችንንም አስወጣችን።

ሊሞት ሲል ወንድሜ ቀልዱን ትቶ ነበር። «ያቺ ልጅ» አለኝ፣ «የአጎታችን ልጅ። ሄዳችሁ ንገሯት፣ ትመርመር።» እናቴ እግሩ ሥር ነበረች። «እኔን ቅበሩና ሂዱ» አለች። የቀበርነው ግን እሱን ነው።

አርባው እንደወጣ እኔ ተመረመርኩ። በካሜራ አንጀት የሚታይበት ምርመራ ነው፣ ኮሎኖስኮፒ ይሉታል። ምርመራው እንቅልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጠጣውን ጨዋማ ውሃ ግን ለጠላቴም አልመኝ። ሐኪሙ ሁለት ትንንሽ እብጠት አግኝቶ እዚያው ቆርጦ አወጣቸው። «ገና ምንም አልሆኑም። ቢተዉ ግን ሊሆኑ ይችሉ ነበር» አለኝ። ደሜም ውጭ አገር ተልኮ ሲመጣ የቤተሰባችን ነገር እኔም ዘንድ ተገኘ። ሰው በዚህ ማልቀስ ሲገባው እኔን ትዝ ያለኝ ኩፍኙ ነው። ቀጥ ብዬ እናቴ ቤት ሄድኩና ሳልቀመጥ «እማዬ፣ እኔ ያን ድግስ አልበላሁም። እኔን ማን አጎረሰኝ?» አልኳት።

ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

ሐኪሙ በየጊዜው በካሜራ እንድታይ ቀጠሮ ሰጠኝና አስፕሪን አዘዘልኝ። አዎ፣ ያው ለራስ ምታት የምንውጠው አስፕሪን። መጀመሪያ ያሾፈብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። «ወንድሜን ቀብሬ ነው የመጣሁት ዶክተር፤ የራስ ምታት ኪኒን ትሰጠኛለህ?» አልኩት። ታገሰኝ። አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ የሚንገበገብ ብግነት ለዕጢው ይመቸዋል፣ አስፕሪን ደግሞ ብግነትን ያበርዳል አለ። እንደኛ ዓይነት ውርስ ያለባቸው ሰዎች ለዓመታት ሲወስዱት የአንጀት ካንሰር እየቀነሰላቸው እንደሆነ ታይቷል። ጥቅሙ ግን ዛሬ ውጠሽ ነገ አይደለም፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ጨጓራም ያደማል፤ ለዚህ ነው ጨጓራዬንና ኩላሊቴን አስቀድሞ ያየው፣ ባዶ ሆዴን እንዳልውጠው ያስጠነቀቀኝም። «ካሜራውን ግን አይተካም፣ ከምርመራ ብትቀሪ አስፕሪኑ አይማልድሽም» አለኝ።

እኔ መጋረጃ ሰፍቼ የምሸጥ ነኝ፣ የመጋረጃ ደንበኛ ደግሞ ጨርቅ ሲመርጥ ወሬ ሳይዝ አይወጣም። በሁለት ቀን ውስጥ ገበያው «ካንሰር በአስፕሪን ይድናል አሉ» ብሎ ጨረሰው። አንዷ ጎረቤቴ ጨጓራዋ ቆስሎ በወተት የምትኖር ሴት ናት፤ አንድ ፓኬት ገዝታ ይዛ መጣች። «ኧረ በማርያም ተዪኝ! ይሄ ለኛ ዘር የታዘዘ ነው፣ አንቺን ይበሳሻል» ብዬ ቀማኋት። ከዚያ በኋላ ስለ ዘሬ ጮክ ብዬ ማውራቴን ልብ አልኩ። እናቴ ብትሰማ ትሞት ነበር።

«ክትባትስ የለውም?» ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ለነሱ አስቤ ነው። ዓይኑ በራ፤ ይህን ሲያወራ እንደሚወድ አየሁ። የዚህ በሽታ ሴል በስህተት ብዛት የባዕድ መልክ ይይዛል፣ የሰውነት መከላከያ ለይቶ ሊያውቀው የሚችል መልክ። ስለዚህ ገና ጤነኛ ሳሉ ውርሱ ያለባቸውን ሰዎች ከትቦ ያንን መልክ አስቀድሞ ለማስተዋወቅ እየተሞከረ ነው አለኝ፤ ዕጢው ሊበቅል ሲል መከላከያው እንዲጠብቀው። ደስ አለኝ። «እኛ ዘንድ መቼ ይደርሳል?» አልኩት። «ገና ሙከራ ላይ ነው። እኛ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ስወጣ በሩን ጓ አድርጌ ዘግቼበት ወጣሁ። ደግ ነገር ሁሉ ለምን እኛ ጋ ሲደርስ የሞተው ሞቶ ነው?

በማግስቱ ለእናቴ «ባቱ ልሄድ ነው» አልኳት። ዝዋይ ማለት ነው፣ እሷ ባቱ የሚለውን ስም አትጠራውም። ሻርፗን አስተካከለች፣ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። «እህል እንዳትቀምሺ» አለችኝ። አትሂጂ አላለችም።

ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ቆቃን፣ መቂን አልፌ ባቱ ደረስኩ። የባጃጁ ልጅ ቤቱን ያውቀው ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ፀጉሯ የሸበተ፣ ወገቧ ያልጎበጠ ሴት ናት። እኔ የሷን መልክ አላስታውሰውም፣ እሷ ግን ሳልናገር አወቀችኝ።

«የሷ ልጅ ነሽ። ዓይንሽ የሷ ነው» አለች።

«አዎ፣ አዴ። አካም ጂርቱ?» አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ የኦሮምኛው ሰላምታ ነው።

ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና «ሴኒ፣ ግቢ» አለችኝ። እሑድ ስለነበር ልጇም ቤት ነበረች፤ ያቺ ክርስትናዋ የተደገሰላት ሕፃን። ሠላሳ አልፏታል፣ አበባ እርሻ ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። አባቴን ቁርጥ ናት። ግንባሯ ሳይቀር የሱ ነው። መልኳ ግን ገረጣ ያለ ነው፣ ስትነሳም ግድግዳ ትይዛለች።

ምንም ሳልናገር ምሳ ቀረበ። ዓሣ ወጥ ነው። የአጎቴ ሚስት እጄን አስታጥባኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ጠበቀች። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ አውቃለሁ፣ ደሜ ተመርምሯል፣ አንጀቴ ታይቷል፤ እጄ ግን ከእንጀራው ጫፍ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ሠላሳ ዓመት ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣም ለካ። ራሴን ጠላሁት። ቆረስኩና ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ስጨርስ ጨመረችልኝ፣ ያንንም በላሁ።

ከምግብ በኋላ አስፕሪኔን አውጥቼ ዋጥኩ። የአጎቴ ሚስት ፊቷ ተለወጠ።

«ማርከሻ ነው?» አለችኝ።

አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። የሷን ምግብ በልቼ ማርከሻ የዋጥኩ መስሏታል! «ኧረ አይደለም አዴ፣ ወላሂ አይደለም» እያልኩ ተነስቼ እጇን ያዝኩ፤ ወላሂ የምል ሰው አይደለሁም፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ወንድሜ በምን እንደሞተ፣ አባቴ በምን እንደሞተ፣ ባሏ በምን እንደሞተ። መርዝ እንዳልነበረ። በደማችን ሲወርድ የመጣ በሽታ እንደሆነ፣ ልጇም ወርሳው ይሆናልና መመርመር እንዳለባት።

እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። ከዚያ ጭብጨባ የመሰለ ነገር አደረገች፤ ሁለት እጇን አጋጭታ ወደ ላይ ዘረጋቻቸው። «ከነሱ ነው! ከነሱ ደም ነው!» አለች። ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። «ሠላሳ ዓመት! ሰርግ ስጠራ ወጥ ቤት አያስገቡኝም፤ 'አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ' ይሉኛል። የሰፈር ሴት ሁሉ ሽንኩርት ሲከትፍ እኔ እንደ ሙሽራ ተጎልቼ እቀመጣለሁ። ልጄን ሽማግሌ ሲልኩባት 'የማን ልጅ ናት?' ይባልና ይቀራሉ። ይሄው ያገባት ልጅ እንኳ ቤተሰቦቹ ቤቴ መጥተው ውሃ አይጠጡም።»

«ይቅር በሉን አዴ» አልኳት።

«አንቺ ምን አደረግሽ? ያን ጊዜ አንቺ ልጅ ነሽ።» ዕንባዋን ጠረገችና ፊቷ ጠነከረ። «እናትሽ ትምጣ። በዚያን ጊዜ ቆማ በተናገረችበት አፏ 'በሽታ ነው የገደለው' ትበል፣ ሰው ይስማ። እሷ ይህን ሳትል ልጄ የትም አትሄድም። ዛሬ ልጄን ይዤ ብሄድ ነገ ምን ይባላል? 'ልጇንም አበላቻት' ነው የሚባለው።»

ልለምናት አፌን ስከፍት የአጎቴ ልጅ ቀደመችኝ።

«እማ፣ እኔ እየደማሁ ነው» አለች።

እናቷ ዞራ አየቻት።

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው። ኪንታሮት ነው ብዬ ባህላዊው ጋ ሄጄ ተቀብቻለሁ። አልተወኝም። አንቺ ደግሞ ትጨነቂያለሽ ብዬ...»

የአጎቴ ሚስት እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ጓዳ ገብታ የልጇን ጋቢ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችባት። «የምን ሐኪም ነው? መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። ስለ እናቴ የተናገረችው ቀረ።

ያው ሐኪም አዳማ ላይ አያት። በቀኝ በኩል ትልቁ አንጀቷ ላይ ነበር፤ ከትንሽ እብጠት ያለፈ። ሲነግረኝ የወንድሜን ነገር የነገረኝ ቀን ያደረገውን ነው ያደረገው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበሩን ሲስብ ገባኝ። ከፎቶው ላይ ጉበቷ ንጹሕ ነው፣ ቶሎ ከወጣ ተስፋ አለ አለኝ። «ቀደም ብላ ብትታይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው።

ማታ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። «የአጎቴ ልጅ አለባት። ሊያወጡላት ነው» አልኳት። አልተሳደብኩም፣ አልጮህኩም፤ ጉልበቱም አልነበረኝ። ወንድሜ በሞተ ጊዜ ደረቷ እስኪቆስል የመታች ሴት ያን ቀን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስወጣ አልሸኘችኝም።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ወጣ፣ አጠገቡ ያሉ ንፍፊቶችም ለምርመራ ተላኩ። በሽታው ተሻግሮ እንደሆነ የሚታወቀው ያ ሲመጣ ነው። ከተሻገረም ሌላ መንገድ አለ አለን ሐኪሙ፤ ይህ ዓይነቱ ካንሰር በስህተት የተሞላ ስለሆነ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ የሚያዘምት መድኃኒት ከሌላው ይልቅ ይሠራበታል፤ እዚህ ይገኝ እንደሆነ አጠያይቃለሁ አለ። የአጎቴ ሚስት ጆሮዋ ሌላ ነገር ላይ ነበር። «የልጆቿስ?» አለችው። ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው፣ ሲያድጉ ይመረመራሉ፣ ምናልባት እስከዚያ ክትባቱም ይደርስ ይሆናል አላት። «ምናልባት» አለች ከአፉ ተቀብላ፤ ከዚያ ወደ ልጇ አልጋ ተመለሰች።

ቀጭን ነገር እንድትቀምስ በተፈቀደላት ቀን ጠዋት አልጋው ዳር ተቀምጠን ሳለ እናቴ ገባች። እኔ አላመጣኋትም፣ ማንም አልጠራትም። በባጃጅ ብቻዋን መጥታ ነው። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች፣ በእጇ ቴርሞስ ይዛለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሌሎች አስታማሚዎች «ግቡ እማማ» ብለው ቦታ ለቀቁላት። ደጃፉ ላይ ቆመች።

የአጎቴ ሚስት ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ ልሸመግል ተነሳሁ፣ እናቴ ግን ቀደመችኝ።

«አጥሚት ነው» አለች እናቴ፤ ድምፏ የሷ አይመስልም። «ቀጭን አድርጌ ነው ያፈላሁት። ለሷ ነው።» ቀርባ ቴርሞሱን ከፈተችና ወደ ኩባያ ቀዳች። ወደ አልጋው ስታስጠጋው የአጎቴ ሚስት እጇን ዘርግታ ኩባያውን አፉ ላይ ያዘችው።

«እትዬ» አለች ዝግ ብላ፣ «መጀመሪያ ይቅመሱት።»

የሰማው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እናቴን አውቃታለሁ፣ ኩባያውን መሬት ላይ ደፍታው የምትወጣ ሴት ናት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ጠጣች። በቂ ያልሆነ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ኩባያውን አንስታ ደግሞ ጎንጨት አለችለት። አጥሚቱ አገጯ ላይ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

የአጎቴ ሚስት ኩባያውን ተቀብላት ልጇን በማንኪያ ማጠጣት ጀመረች። ቀና ሳትል ነው የተናገረችው።

«ያኔ አንድ ሰው 'ቅመሺ' ቢለኝ እኮ እቀምስ ነበር። ገበታውን ሁሉ እበላላችሁ ነበር። እኔ ሳልሞት ስታዩ ለባሌ ሞት ሌላ ምክንያት ትፈልጉ ነበር፣ እትዬ። ልጄም ይሄኔ...»

ማንኪያውን ሞላችና ወደ ልጇ አፍ አስጠጋችው።